ጨዋታ ለአረጋውያን፤ በእንክብካቤ ቤት ያሉ ወገኖቻችንን እንዴት እናጫውት?

በአማርኛ «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ገበጣ መጫወትም ጨዋታ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ቡና እየጠጡ ማውጋትም ጨዋታ ነው። «እስቲ አጫውተኝ» የሚል ሰው ጠጠር ወይም ካርታ አምጣልኝ ማለቱ አይደለም፤ አናግረኝ፣ ብቻዬን አትተወኝ ማለቱ ነው። በሆላንድ ቋንቋ ግን ጨዋታ ሌላ፣ ወግ ሌላ ነው። ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በሔግ ወደ አረጋውያን እንክብካቤ ቤት የገቡ ወገኖቻችን በመጀመሪያው ትርጉም ጨዋታ አልጎደለባቸውም። ቢንጎ አለ፣ ካርታ አለ፣ ፊኛ መወራወር አለ። የጎደለባቸው ሁለተኛው ጨዋታ ነው። በዚህ ትምህርት ልንመለከተው የምንወደው የመጀመሪያው ለሁለተኛው እንዴት በር ሊከፍት እንደሚችል ነው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በልዩ ልዩ መንገድ ወደዚህ አገር የመጡት ወገኖቻችን ያን ጊዜ ወጣቶች ነበሩ። በሠላሳ ዓመታቸው የገቡት ዛሬ ሰባዎቹን ዕድሜ አልፈዋል። ከእነርሱ በኋላ በልጆቻቸው ጠሪነት የመጡ እናቶችና አባቶችም አሉ። ልጆች ከንጋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናቸው፤ የአምስተርዳም አሮጌ ቤቶች ደረጃ ደግሞ ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፣ ጉልበቱ የደከመ ሰው ሊወጣው አይችልም። ወላጅን ለሌላ እጅ አሳልፎ መስጠት በእኛ ዘንድ እንደ ነውር ሲቆጠር የኖረ ቢሆንም፣ ጉዳዩ በእያንዳንዱ ቤተሰብ ኅሊና የሚወሰን ስለሆነ እዚህ ላይ ፍርድ ልንሰጥበት አንወድም። ደካሞችን በአንድ ስፍራ ሰብስቦ መርዳትም ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ለድሆችና ለሕሙማን ትልቅ ማረፊያ አሠርቶ ነበር። በአዲስ አበባም ቢንያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በሁላችንም ዘንድ የታወቀ ነው።

በዚህ አገር «ፈርፕሌኽሃውስ» የሚባለው ቤት እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በረጅም ጊዜ እንክብካቤ ሕግ ይተዳደራል። ወደዚያ የሚገባው ቀንና ሌሊት ጠባቂ የሚያስፈልገው መሆኑ በመርማሪው መሥሪያ ቤት የተረጋገጠለት ሰው ብቻ ነው። ቀድሞ ገና ብርቱ የነበሩ ሽማግሎች የሚኖሩባቸው ቀለል ያሉ የጡረተኞች ቤቶች አብዛኞቹ ተዘግተዋል ወይም ተለውጠዋል። በመሆኑም ዛሬ በእንክብካቤ ቤት የምናገኛቸው አረጋውያን ይበልጥ የደከሙ ናቸው፤ ብዙዎቹም «ዴሜንሲ» የሚባለው የመርሳት ሕመም አለባቸው። ጨዋታ ስናዘጋጅ የምናዘጋጀው ለእነዚህ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

የመርሳት ሕመም ለስደተኛ ሁለት ጊዜ ስደት ነው። በጉልምስና የተማሩት ቋንቋ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ይጠፋል፣ በልጅነት የተማሩት ይዘገያል። ሠላሳ ዓመት በሮተርዳም ወደብ የሠራ፣ ሆላንድኛን አቀላጥፎ ይናገር የነበረ አባት አንድ ቀን ለአስታማሚዋ በአማርኛ ብቻ ይመልስላት ጀመር ቢባል ሊያስደንቀን አይገባም። እርስዋ «ዝም ይላል፣ ከሰው አይቀላቀልም» ብላ ትጽፋለች። እርሱ ግን እየተናገረ ነው። ማርች 20 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ የእንክብካቤ ቤቶች በሙሉ ለጠያቂ በተዘጉ ጊዜ፣ በቤቱ ውስጥ በቋንቋው የሚያናግረው አንድ ሰው እንኳ ያልነበረው አረጋዊ ምን ዓይነት ጸጥታ ውስጥ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ደጁ ከተከፈተ ወዲህም ያ ጸጥታ በአንዳንዶች ዘንድ አልለቀቀም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በቅድሚያ ጨዋታና ፈተና የተለያዩ መሆናቸውን እንወቅ። በእንግሊዝ አገር ኤሚ ስፔክተርና ባልደረቦቻቸው በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የመርሳት ሕመም ያለባቸው 201 አረጋውያንን የያዘ ነበር። ከእነርሱ ከፊሎቹ በ7 ሳምንት ውስጥ 14 ጊዜ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ በየጊዜው 45 ደቂቃ ያህል ተጫወቱ፤ ስለ ልጅነት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ድምፅና ስለ ስም ተነጋገሩ። በመጨረሻም በማሰብ ችሎታና በኑሮ እርካታ ካልተሳተፉት ይልቅ የተሻለ ውጤት አሳዩ። ከዚያ ሥራ የምንወስደው ዋናው ምክር አንድ ነው፤ አረጋዊውን እውቀቱን ሳይሆን አስተያየቱን ጠይቁት። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? የመጀመሪያ ልጅዎ ስም ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ፈተና ነው፤ የማያውቀው ያፍራል፣ ያፈረም ሁለተኛ ወደ ማዕዱ አይመጣም። «የመስቀል ደመራ ከየት አገር ያምራል ይላሉ?» ብሎ መጠየቅ ግን ጨዋታ ነው። የተሳሳተ መልስ የለውም።

ቀኑን ማስታወስ ካስፈለገም ሰሌዳ ላይ በትልቅ ፊደል በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ይቀመጥ። ብዙ እናቶች ወሩን የሚያውቁት በቁጥር አይደለም፤ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም እያሉ ነው። «ዛሬ ማርያም ናት» የተባለች እናት ቀኑን ብቻ ሳይሆን የጽዋ ማኅበርዋን፣ የጠላውን ጋን፣ አብረዋት ይጠጡ የነበሩትን ሁሉ ታስታውሳለች። ከዚያ በኋላ ጨዋታውን የምትመራው እርስዋ ናት።

ስለ ስምም አንድ ነገር መናገር ይገባል። በዚህ አገር መዝገብ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ስለሚጻፍ፣ አስታማሚዎች አንዲትን እናት «ሜቭራው» ብለው በአባትዋ ስም ይጠሩአታል። ሰማንያ ዓመት ሙሉ በራስዋ ስም ስትጠራ የኖረች ሴት ዞር ብላ ባታያቸው መስማት ተስኖአት አይደለም። የተጠራው አባትዋ ነው። ሌሎች ደግሞ ለመቅረብ ብለው በስም ብቻ፣ በ«አንቺ» ቃና ይጠራሉ፤ ይህም በእኛ ጆሮ ሸካራ ነው። ስለዚህ በክፍሉ በር ላይ እማማ፣ እትዬ፣ ጋሼ ወይም አባባ የሚለው ቃል ከራሳቸው ስም ጋር በላቲን ፊደል ጭምር ተጽፎ እንዲለጠፍ ቤተሰቡ ያሳስብ። ዋጋ የማይጠይቅ ሆኖ ሳለ ብዙ የሚለውጥ ነገር ነው።

ከጨዋታዎቹ መካከል ገበጣን እናስቀድማለን። የሚያስፈልገው እጅግ ጥቂት ነው። ስድስት እንቁላል የሚይዙ ሁለት የካርቶን መያዣዎችን ጫፍ ለጫፍ ብናጋጥም በሁለት ረድፍ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ አራት አራት ብናደርግ 48 ጠጠር ይበቃል። ጠጠሩ ተለቅ ያለ ባቄላ ወይም የእንጨት ዶቃ ቢሆን ለደነዘዙ ጣቶች ይመቻል። ያገኙትን ወደ አፍ የመክተት ልማድ ያደረባቸው ካሉ ግን ከዚያም የሚበልጥ፣ ሊዋጥ የማይችል ነገር ይመረጥ። አንዱን ጉድጓድ አንሥቶ አንድ አንድ እያደረጉ ማከፋፈል ዓይንንም፣ ጣትንም፣ ቁጥርንም በአንድ ጊዜ ያሠራል። የገበጣ ታላቅ ጥቅም ግን ሕጉ ከአገር አገር መለያየቱ ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ስለዚህ የወሎና የሐረር ሰው በአንድ ገበታ ቢቀመጡ ገና ሳይጀምሩ ይከራከራሉ። ክርክሩን ለመዳኘት አንቸኩል፤ ለዚያ ነው የመጣነው። ሕጉን የረሳ ሰው ቢኖርም ዕለቱን በሚያስታውሰው ሕግ እንጫወት፤ አስተካካይ አንሁን።

ሰንጠረዥ የሚያውቁ አባቶች ዛሬ ጥቂት ናቸው። እንግሊዛዊው ኄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ሲጫወቱት አይቶ ጽፎአል። የእኛ ሰንጠረዥ ከፈረንጁ የሚለየው በመክፈቻው ነው፤ አንድ መደቅ ወይም ሌላ እስኪወሰድ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፣ ይህም ወረራ ይባላል። ተመልካቹም ዝም አይልም፣ ይመክራል፣ ይቆጣል። በጸጥታ የሚጫወቱትን የፈረንጅ ቼዝ የሚያውቁ የቤቱ ሠራተኞች ጠብ የተነሣ መስሎአቸው እንዳይደነግጡ አስቀድሞ መንገር ነው።

እንቆቅልሽ ምንም ዕቃ አይፈልግም፤ አልጋ ላይ ለዋሉትም ይሆናል። «እንቆቅልሽ» ሲባሉ «ምን አውቅልሽ» ማለት ከልጅነት ጀምሮ በአፍ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ፣ ሌላ ነገር የማይናገሩ አረጋውያን እንኳ ይህን ሊመልሱ ይችላሉ። መልሱን ያጣ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል። እዚህ ላይ እንቁም። አንዱ ጎንደርን ይሰጣል፣ አንዱ ጅማን፣ አንዱ ደሴን። የኢትዮጵያን ካርታ በጠረጴዛው ላይ ዘርግተን የተሰጠውን አገር በጣት እያሳየን «ምን አለበት? መንገዱስ በየት በኩል ነበር?» ብንል፣ ከአንድ እንቆቅልሽ ግማሽ ሰዓት ጨዋታ ይወጣል። እንካ ሰላንቲያም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን ስድብ አዘል ስለሆነ እርስ በርሳቸው ለተዋወቁ ብቻ ይሁን።

እጅ የለመደው ነገር አእምሮ ከረሳውም በኋላ ይቆያል። እንዝርት፣ ባዘቶ፣ ሰፌድ ለእናቶች ብናቀርብ እጃቸው ራሱ ሥራውን ያነሣዋል። ምስር መልቀምን እንደ ጨዋታ የሚቆጥረው ላይኖር ይችላል፤ ለእርስዋ ግን ለቤቱ የሚረባ ሥራ ነው። የሚረባ ሥራ መሥራትን የሚተካ መዝናኛ የለም። አባቶችም እንዲሁ ፊደል ያስቆጥሩ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችን ከአማርኛ ይልቅ ሆላንድኛ ይቀናቸዋል፤ ሰሌዳ ይዘው በአንድ አረጋዊ ፊት ተቀምጠው ሀ ሁ ቢሉ መምህሩ ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ዳዊት የደገሙ አባቶች መጀመሪያውን ቢሰሙ ብዙ ጊዜ ቀጣዩን ያለ መጽሐፍ ይሉታል። መዝሙርም እንዲሁ ነው፤ ከበሮው በዝግታ ይመታ፣ ጭብጨባ ብቻ የሚችል ያጨብጭብ።

የእኛን ብቻ እንጫወት ማለታችን እንዳይደለ ይታወቅልን። ወገናችን የሚኖረው ከሆላንዳውያን አረጋውያን ጋር ነው፤ የሚመገበውም ከእነርሱ ጋር ነው። ቋንቋ ከማይጠይቁት የአገሩ ጨዋታዎች «ሹለን» የሚባለውን እናመሰግናለን። ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የእንጨት ገበታ ላይ 30 ክብ እንጨቶችን እያንሸራተቱ 2፣ 3፣ 4 እና 1 ቁጥር ወዳለባቸው አራት በሮች ማስገባት ነው። በአራቱም በር አንድ አንድ ያስገባ በአሥር ፈንታ ሃያ ነጥብ ያገኛል። ቆሞም፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦም ይቻላል፤ ድምፁ ደስ ይላል፤ ሰላምታ የማይለዋወጡ ሁለት ሰዎች በዚህ ገበታ ሲሣሣቁ ይውላሉ። ፊኛ መወራወር ግን ጥንቃቄ ይሻል። ለትከሻና ለዓይን ጥሩ መልመጃ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ዳኛ፣ መምህር ወይም ሻለቃ የነበረ ሰው በልጅ ልጆቹ ፊት ፊኛ ጨብጥ ቢባል እንደ ተዋረደ ሊቆጥረው ይችላል። እምቢ ካለ እምቢታው ይከበር፤ ነጥብ መዝጋቢ ይሁን፣ ዳኝነቱን ይያዝ።

ከአዲሶቹ መሣሪያዎች «ቶቨርታፈል» የሚባለው መታየት ይገባዋል። ሄስተር ለ ሪሽ በዴልፍት የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ምርምር የተገኘ ሲሆን፣ ከጣሪያ ላይ በጠረጴዛው ላይ ብርሃን ያፈስሳል፤ የወደቁ ቅጠሎች፣ ዓሦች፣ አበቦች ይታያሉ፣ እጅ ሲነካቸውም ይንቀሳቀሳሉ። ንግግር ጨርሶ የተለያቸው እንኳ እጃቸውን ይዘረጋሉ። በዌስፕ የሚገኘውና በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ደ ሆኸቬይክ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ዌስፕ በ2022 እ.ኤ.አ. ከአምስተርዳም ጋር ስለተዋሐደች ቤቱ አሁን የአምስተርዳም ነው ማለት ይቻላል። የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ስድስት ስድስት ወይም ሰባት ሰባት ሆነው በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ በመንደሩ ገበያ ይገዛሉ፣ ምግቡም በየቤቱ ይበሰላል። ድንች መላጥ እዚያ «መርሐ ግብር» አይባልም፣ ኑሮ ነው። በሮተርዳም የሁማኒታስ ድርጅት መሪ የነበሩት ሃንስ ቤከርም ለአረጋዊ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ «እሺ» መሆን አለበት እያሉ ያስተምሩ ነበር፤ በአክሮፖሊስ ቤታቸው የድሮ ወጥ ቤትና የድሮ ሱቅ ዕቃዎችን የያዘ የትዝታ ሙዚየም አቋቁመዋል። ሙዚየም ባይኖረን አንድ ሣጥን አያቅተንም፦ ጀበና፣ ስኒ፣ ሙዳይ፣ ጭራ፣ በማሰሮ ኮረሪማና በሶብላ፣ ያልተቀጣጠለ እጣን። ያልተቀጣጠለ ማለታችን በምክንያት ነው። የቤቶቹ የጢስ ማስጠንቀቂያ ለእጣንም ለሚቆላ ቡናም ምሕረት የለውም፤ ኦክሲጂን የሚተነፍስ ሰው ባለበትም እሳት ፈጽሞ ክልክል ነው። ቡናው ቤት ተቆልቶ ይምጣ፣ ወይም በግቢው አትክልት ስፍራ ይቆላ። ከቡናው ጋር ቆሎ ማቅረብ ልማዳችን ቢሆንም መዋጥ ለተቸገረ ሰው አደገኛ ነው፤ ለስላሳ ዳቦ ይተካው፣ እርሱም ቢሆን አስታማሚው ከተጠየቀ በኋላ።

ሌሎች ስደተኞችና አናሳ ወገኖች ከእኛ ቀድመው በዚህ መንገድ ሄደዋል። በአምስተርዳም የአይሁድ አረጋውያን ቤት ቤት ሻሎም በዓላቱንና የምግቡን ሥርዓት ጠብቆ ይኖራል። በሔግ የስኺልደርስሁክ ቤት ከሱሪናም ለመጡ ሂንዱስታኒ አረጋውያን ስፍራ አዘጋጅቶአል። እኛ በቁጥር ጥቂቶች ነንና የራሳችን ቤት ይኑረን ማለት ለጊዜው የሚሆን አይመስለንም። ይልቅስ በአንድ ከተማ ያሉ ቤተሰቦች ተመካክረው ወላጆቻቸውን በአንድ ቤት፣ ቢቻል በአንድ ክፍል ለማስገባት ቢጠይቁ ሦስት አማርኛ ተናጋሪዎች አንድ ማኅበር ይሆናሉ። ይህ ሐሳብ ብዙ ያልተነገረበት ስለሆነ አጥብቀን እናሳስባለን።

ትዝታ ሲቀሰቀስ ግን ሁሉም ጣፋጭ አይደለም። ከመካከላችን የቀይ ሽብርን ዘመን ያዩ፣ ታስረው የተገረፉ፣ ልጅ የቀበሩ አሉ። «በ1970 የት ነበሩ?» የሚል ጥያቄ በጨዋታ ማዕድ ላይ አይቀርብም። ራሳቸው ካነሡት ይደመጡ፣ እጃቸው ይያዝ፤ ወሬ ለመለወጥ መቻኮል አይገባም። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ የሚተኮሰው ርችትም ጦርነት ያየን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሊያስጨንቀው ይችላልና ያን ሌሊት የሚያድር የቤተሰብ ሰው ቢኖር መልካም ነው።

ይህ ሁሉ ከቤቱ ጋር ስምምነት ይሻል። በየቤቱ «አክቲቪታይተን በኸላይደር» የሚባል የጨዋታና የሥራ አስተባባሪ አለ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው እርሱ ነው። በረጅም ጊዜ እንክብካቤ ሕግ መሠረት የእያንዳንዱ ነዋሪ የእንክብካቤ እቅድ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከነዋሪው ወይም ከወኪሉ ጋር ይመከርበታል። በዚያ ቀን ልጆች ስለ መድኃኒት ብቻ ጠይቀው አይመለሱ። በምን ስም እንደሚጠሩ፣ በምን ቋንቋ እንደሚጸልዩ፣ ረቡዕና ዓርብን ይጾሙ እንደሆነ፣ ምን ሥራ ይሠሩ እንደ ነበር፣ ምን መጠየቅ እንደማይገባ ይጻፍ። ሐሙስ በደስታ የሚበሉትን የሥጋ ጥብስ ኳስ፣ «ቢተርባል» የሚባለውን፣ ዓርብ እምቢ ያሉ እናት «የምግብ ፍላጎት የላትም» ተብለው እንዳይመዘገቡ ነው። ለደካማና ለሕመምተኛ ጾሙ እንዴት እንደሚቀል የንስሐ አባት ይወስናል። በየቤቱ ያለው የነዋሪዎች ምክር ቤትም በመዝናኛና በጨዋታ ጉዳይ ድምፅ በሕግ ስለተሰጠው፣ ከእኛ አንድ ሰው ቢገባበት አይጎዳም።

ለበጎ ፈቃድ የሚሄዱ ወንድሞችና እኅቶች የመልካም ጠባይ ማረጋገጫ ሊጠየቁ ይችላሉና አስቀድመው ያውጡ። በዓመት አንድ ጊዜ ዳቦ ተሸክመው ከሚመጡ ሃያ ሰዎች ይልቅ በየአሥራ አምስቱ ቀን በአንድ ሰዓት የሚመጡ ሁለት ሰዎች ይሻላሉ። ከቁርስ በኋላ ያለው የረፋድ ጊዜ ይመረጥ፤ ከቀትር በኋላ ቀኑ ሲመሽ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ብዙዎች ይታወካሉ። በአንድ ማዕድ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይብቃ፣ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፣ የመስሚያ መሣሪያ ያላቸው ማድረጋቸው ይታይ። ከሦስት ሩብ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የደከመ ቢተኛ አይቀስቀስ።

ሲያበቃም በድንገት ተነሥቶ መሄድ አይገባም። ስኒው በአንድነት ይታጠብ፤ ማድረቅ የሚችል ፎጣ ይያዝ። ቀጥሎ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እንዲመርቁ ይለመኑ፤ ሌላውም «አሜን» ይበል። ምርቃቱ ቢረዝምም፣ ሁለት ጊዜ ቢደገምም ይጠበቅ። ከዚያም የሚቀጥለው ቀን በትልቅ ፊደል በወረቀት ተጽፎ፣ በአማርኛም በሆላንድኛም፣ ከአልጋው ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።